ራስበሪ ፓይ ፒኮ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ

ስለ ማይክሮኮንትሮለር ቦርዶች (በአንድ ቺፕ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ስለያዙ ሰሌዳዎች) የሚጻፉ ግምገማዎች በአብዛኛው የሚጀምሩት ከፕሮሰሰሩ ፍጥነትና ከሜሞሪው መጠን ነው። እነዚህ ቁጥሮች ጠቃሚ መሆናቸው አይካድም፤ ነገር ግን ቦርዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘ ሰው የሚፈተነው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ገመዱን ሰክቶ ኮምፒውተሩ ቦርዱን ሳያውቀው ሲቀር፣ የፖርቱ (ኮምፒውተሩ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት በር) ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ሲታጣ፣ ወይም ፕሮግራሙ ተጭኖ ካለቀ በኋላ አንድም መልስ ሳይመጣ ሲቀር፣ ብዙ ጀማሪ ሥራውን ትቶ የሚነሳው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ግምገማ ራስበሪ ፓይ ፒኮን የምመዝነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከኮምፒውተር ጋር እንዴት ይገናኛል፣ ግንኙነቱስ ምን ያህል ይታመናል?

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ለመጀመሪያው ግንኙነት ከፒኮ የቀለለ ቦርድ አላየሁም። ሥራው እየገፋ ሲሄድ ግን፣ መጀመሪያውን ቀላል ያደረገው አሠራር ራሱ አዳዲስ ጥያቄዎችን ያመጣል። የቦርዱ ጥንካሬም ሆነ ድካም የሚመነጨው ከአንድ የንድፍ ውሳኔ ነው፤ ያንን ውሳኔ የተረዳ ሰው ቦርዱን ይወደዋል፣ ያልተረዳው ግን ጤነኛውን ቦርድ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል።

ውሳኔው ምን እንደሆነ ለማየት ከፒኮ በፊት የነበሩትን ቦርዶች ማስታወስ ያስፈልጋል። በአርዱዊኖ ኡኖ ላይ ፕሮግራማችንን የሚያስኬደው ኤቲሜጋ328ፒ የተባለው ቺፕ ነው፤ ይህ ቺፕ የዩኤስቢን ቋንቋ ጨርሶ አያውቅም። የሚያውቀው በአንድ መስመር እየላከ በሌላው እየተቀበለ የሚሠራውን ተራ የሲሪያል ግንኙነት ብቻ ስለሆነ፣ በእርሱና በኮምፒውተሩ መካከል ሌላ ቺፕ በአስተርጓሚነት ተቀምጧል። በኡኖ ሦስተኛ እትም ይህን ሥራ የሚሠራው ኤቲሜጋ16ዩ2 ሲሆን፣ በብዙዎቹ የኡኖ ቅጂዎች ላይ ሲኤች340፣ በብዙ የኢኤስፒ32 ቦርዶች ላይ ደግሞ ሲፒ2102 ወይም ያው ሲኤች340 ይገኛል። አስተርጓሚው በተለወጠ ቁጥር ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ድራይቨርም (ዕቃውን እንዲያውቅ የሚያስችለው ሶፍትዌር) ይለወጣል፤ ቦርዱ አልታይ ያለው ሰው ችግሩን ሲያጣራ ብዙ ጊዜ የሚደርስበትም ይህ ድራይቨር አለመጫኑ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 የወጣው ፒኮ ይህን አስተርጓሚ ከነአካቴው አስወግዶታል። በቦርዱ ላይ ያለው አርፒ2040 ቺፕ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያውን በውስጡ ይዟል፤ ከዩኤስቢ ሶኬቱ የሚነሱት ሁለቱ የዳታ መስመሮች በሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች በኩል አልፈው በቀጥታ ወደ ቺፑ ይገባሉ። በመካከል የሚቆም ሌላ ቺፕ የለም፤ የሚፈለግ የተለየ ድራይቨርም የለም። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው ራሱ አርፒ2040 ነው፤ አንዳንዴ በፋብሪካ በተቀረጸበት ፕሮግራም፣ አንዳንዴ ደግሞ እኛ በጫንነው ፕሮግራም አማካኝነት። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

አዲስ ፒኮ ምንም ፕሮግራም ስለሌለው፣ ገመዱ እንደተሰካ ኮምፒውተሩ እንደ ፍላሽ ዲስክ ያየዋል። አርፒአይ-አርፒ2 የሚል ስም ያለው ዲስክ ይከፈታል፤ በውስጡም ሁለት ትንንሽ ፋይሎች ይታያሉ፤ አንዱ ወደ መመሪያዎቹ ድረ ገጽ የሚወስድ፣ ሌላው ስለ ቦርዱ የሚገልጽ። ፕሮግራም መጫን ማለት ዩኤፍ2 የሚባለውን ዓይነት ፋይል ወደዚህ ዲስክ ጎትቶ መጣል ብቻ ነው። ቅጂው እንዳለቀ ዲስኩ ከስክሪኑ ይጠፋል፣ ቦርዱ ራሱን ዳግም ያስነሳል፣ ፕሮግራሙም መሥራት ይጀምራል። በማክ ኮምፒውተሮች ላይ በዚህ ጊዜ ዲስኩ በአግባቡ እንዳልተነቀለ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ሊመጣ ይችላል፤ ዲስኩ የጠፋው ቦርዱ ሥራውን ስለጨረሰ በመሆኑ ማስጠንቀቂያው የሚያስፈራ አይደለም።

ይህ "ዲስክ" እውነተኛ ዲስክ አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ኮምፒውተሩ 128 ሜጋባይት ያህል ቦታ ያለው አድርጎ ቢያሳየውም፣ በመደበኛው ፒኮ ላይ ያለው ፍላሽ ሜሞሪ 2 ሜጋባይት ብቻ ነው። የሚታየው ሁሉ በቺፑ ውስጥ በፋብሪካ የተቀረጸው የማስነሻ ፕሮግራም የፈጠረው ገጽታ ነው። ዩኤፍ2 ፋይል ደግሞ እያንዳንዳቸው 512 ባይት በሆኑ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ለየትኛው የቺፕ ቤተሰብ እንደተዘጋጀና በሜሞሪው የትኛው አድራሻ ላይ ማረፍ እንዳለበት በራሱ ውስጥ ይዟል። ይህ በጣም የታሰበበት ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ የፋይሉን ክፍሎች በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢልካቸው ቦርዱ እያንዳንዱን በቦታው ያስቀምጣል፤ ለሌላ ቺፕ የተዘጋጀ ፋይል በስህተት ቢጣልበትም አይቀበለውም።

የማስነሻው ፕሮግራም 16 ኪሎባይት በሆነና ሊጠፋም ሊጻፍበትም በማይችል ሜሞሪ ውስጥ መቀመጡ፣ በእኔ ግምት የፒኮ ትልቁ ሥጦታ ነው። በኡኖ ላይ የማስነሻው ፕሮግራም የሚኖረው ከእኛ ፕሮግራም ጋር በአንድ ፍላሽ ሜሞሪ ውስጥ ስለሆነ፣ ከተሰረዘ መልሶ ለማስገባት ሌላ የፕሮግራም መጫኛ መሣሪያ ያስፈልጋል። ፒኮ ላይ ግን የቱንም ያህል የተበላሸ ፕሮግራም ቢጫን፣ ቡትሴል የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ገመዱን መሰካት ብቻ ወደዚያው ዲስክ ይመልሳል። ቁልፉ የሚሠራው ፍላሽ ሜሞሪው የሚመረጥበትን መስመር ወደ ታች በመሳብ ነው፤ ቺፑ ሲነሳ ያንን መስመር ይመለከታል፣ ተስቦ ካገኘውም የእኛን ፕሮግራም ትቶ የራሱን ይጀምራል። ኢኤስፒ32ም በቺፑ ውስጥ የተቀረጸ የራሱ ማስነሻ አለው፤ እርሱን ለመቀስቀስ ግን በአብዛኞቹ ቦርዶች ላይ የአስተርጓሚው ቺፕ ሁለት የመቆጣጠሪያ መስመሮች በሁለት ትራንዚስተሮች አማካይነት በትክክለኛው ቅጽበት መሥራት አለባቸው፤ ጊዜው ትንሽ ከተዛነፈ ሶፍትዌሩ ለመገናኘት እየሞከረ ቆይቶ ተስፋ ይቆርጣል፣ ተጠቃሚውም ቡት የሚለውን ቁልፍ በእጁ መያዝ ይኖርበታል። የፒኮ አሠራር በቅጽበት ላይ አይመሠረትም፤ ቁልፉ ተይዟል ወይም አልተያዘም፣ ከዚህ ሌላ ነገር የለም። ለተማሪዎች ቦርድ የሚመርጥ ሰው ይህን ከፍጥነትና ከሜሞሪ አስቀድሞ ሊያየው ይገባል፤ ተማሪ ምንም ቢያደርግ በኮድ ብቻ ሊያበላሸው የማይችለው ቦርድ፣ ተማሪው ሳይፈራ እንዲሞክር ያደርገዋልና።

አሁን ወደ ሌላኛው ገጽ እንሂድ። ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ በፋብሪካ የተቀረጸው ፕሮግራም ከሥራ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ በዩኤስቢ የመነጋገሩ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ የእኛ ፕሮግራም ይሆናል። ሲሪያል ፖርቱ የሚታየው ፕሮግራማችን ስለፈጠረው ብቻ ነው፤ ፕሮግራማችን ካልፈጠረው አይኖርም። ከኡኖ የመጣ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ኡኖ ላይ አስተርጓሚው ራሱን የቻለ ቺፕ ስለሆነ፣ ዋናው ቺፕ ቢሰቀል፣ ቢተኛ፣ ባዶም ቢሆን ፖርቱ ከዝርዝሩ አይጠፋም። ፒኮ ላይ ግን ፕሮግራሙ ከባድ ስህተት ገጥሞት ሲቆም፣ ኢንተራፕቶችን (ቺፑ ሥራውን አቋርጦ ሌላ አስቸኳይ ነገር እንዲያስተናግድ የሚጠሩትን ምልክቶች) ለረጅም ጊዜ ሲዘጋ፣ ወይም ኃይል ለመቆጠብ ለዩኤስቢው የሚያስፈልገውን የ48 ሜጋኸርትዝ ክሎክ (የሥራውን ምት የሚሰጠውን ምልክት) ሲያጠፋ፣ ፖርቱ አብሮት ይሞታል፤ ወይ ከዝርዝሩ ይወጣል፣ ወይ ስሙ ቀርቶ መልስ የማይሰጥ ይሆናል።

በሲ ቋንቋ ለሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። የፒኮ የሲ መሥሪያ ስብስብ የሕትመት መልእክቶችን (ፕሮግራሙ በጽሑፍ የሚያወጣቸውን) የሚልከው፣ ሌላ ነገር ካልታዘዘ በስተቀር፣ በዩኤስቢ ሳይሆን በፒኖቹ ላይ ባለው ሲሪያል መስመር ነው። ስለዚህ መብራት የሚያብለጨልጭ ቀላል ፕሮግራም ተጭኖ መብራቱ በትክክል እየሠራ፣ በኮምፒውተሩ ላይ አንድም ፖርት ላይታይ ይችላል። ቦርዱም ገመዱም ጤነኛ ናቸው፤ በግንባታው ፋይል ውስጥ የዩኤስቢ ሕትመትን የሚያበራው መስመር አልተጨመረም፣ ያ ብቻ ነው። መስመሩ ከተጨመረም በኋላ የመጀመሪያዎቹ መልእክቶች ሊጠፉ ይችላሉ፤ ቦርዱ ተነስቶ ማተም የሚጀምረው ኮምፒውተሩ ፖርቱን አውቆ፣ እኛም የማንበቢያ ሶፍትዌሩን ከመክፈታችን በፊት ነውና። መፍትሔው ፕሮግራሙ ሲጀምር የዩኤስቢ ግንኙነት እስኪመሠረት እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ሆኖም ይህ መጠበቂያ ያለ ኮምፒውተር በሚሠራ ዕቃ ውስጥ ከቀረ ፕሮግራሙ ለዘላለም ሲጠብቅ ስለሚኖር፣ የጊዜ ገደብ ሊበጅለት ይገባል። እነዚህ ሁሉ በመመሪያው ውስጥ የተጻፉ ናቸው፤ የጀማሪ መግቢያ ገጾች ላይ ግን ጎላ ብለው ቢቀመጡ የብዙ ሰው ጊዜ ይድን ነበር።

በአንጻሩ አንድ የቆየ ችግር በዚሁ አሠራር ምክንያት ጠፍቷል። በአስተርጓሚ ቺፕ በሚሠሩ ቦርዶች ላይ በኮዱ ውስጥ የተጻፈው የሲሪያል ፍጥነትና በማንበቢያው ሶፍትዌር ላይ የተመረጠው ፍጥነት ካልተስማሙ፣ ለምሳሌ አንዱ 9600 ሌላው 115200 ከሆነ፣ በስክሪኑ ላይ የማይነበብ ፊደል ይፈስሳል። በፒኮ የዩኤስቢ ሲሪያል ላይ ይህ ቁጥር በመልእክቱ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ የትኛውም ቢመረጥ ጽሑፉ በትክክል ይነበባል። ለየት ያለ ትርጉም ያለው 1200 ብቻ ነው፦ ኮምፒውተሩ ፖርቱን በዚህ ፍጥነት ሲከፍተው፣ ፕሮግራሙ የዩኤስቢ ድጋፉን ከያዘ፣ ቦርዱ ወደ ዲስክነቱ ይመለሳል። የአርዱዊኖ ሶፍትዌር ቁልፍ ሳንነካ አዲስ ፕሮግራም የሚጭነው በዚህ መንገድ ነው፤ ፒኮቱል የተባለው የትእዛዝ መሣሪያም በሥራ ላይ ያለን ቦርድ በተመሳሳይ መልኩ ወደ መጫኛው ሁኔታ ሊመልሰው ይችላል። ልብ ይባል፤ ሁለቱም የሚሠሩት ፕሮግራሙ በሕይወት እስካለ ድረስ ነው። ከሞተ የሚቀረው ቁልፉ ነው።

ቁልፉ ላይ ስንደርስ የቦርዱን ግልጽ ጉድለት መናገር አለብኝ፦ ፒኮ የሪሴት ቁልፍ የለውም። ወደ ዲስክነቱ ለመመለስ ገመዱን ነቅሎ፣ ቡትሴልን ይዞ፣ እንደገና መሰካት ያስፈልጋል። ይህን አንድ ቀን ሙሉ የሚደጋግም ሰው የሚያደክመው እጁን ብቻ አይደለም፤ ማይክሮ ዩኤስቢ ሶኬቱም በየጊዜው በመሰካትና በመነቀል ይጎዳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ረን የሚል ምልክት ያለበት ፒን ከግራውንድ ጋር ሲነካካ ቦርዱ ዳግም ይነሳል፤ በሁለቱ መካከል ትንሽ ቁልፍ ከተቀመጠ፣ ቡትሴልን ይዞ ያንን ቁልፍ ተጭኖ መልቀቅ ብቻ በቂ ይሆናል፣ ገመዱም ካለበት አይነቃነቅም። በዳቦ ሰሌዳ (ዕቃዎች ያለ ብየዳ በሚገናኙበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) ላይ የሚሠራ ማንኛውም ሰው ሌላ ዕቃ ከመትከሉ በፊት ይህን ቁልፍ እንዲተክል አጥብቄ እመክራለሁ። አምራቹ ግን ይህችን አንዲት ቁልፍ በቦርዱ ላይ ራሱ ሊያስቀምጣት ይገባ ነበር።

በፓይተን ለሚሠራ ሰው ነገሩ ሁሉ የተለየ መልክ አለው፤ ፒኮ ለጀማሪ የሚመቸውም በተለይ በዚህ መንገድ ነው። የማይክሮፓይተን ዩኤፍ2 ፋይል አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ቡትሴል ብዙም አይፈለግም፤ ሲሪያል ፖርቱ ሁልጊዜ ስለሚፈጠር፣ ቶኒ በተባለው ነጻ ኤዲተር ትእዛዝ እየጻፉ መልሱን ወዲያው ማየት ይቻላል። ቦርዱ በተነሳ ቁጥር የሚጀምር ፕሮግራም መቆም ካልቻለ ኮንትሮልና ሲ ቁልፎችን መጫን በአብዛኛው ያቆመዋል። ይህም ካልሠራ፣ ፍላሽ ሜሞሪውን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ዩኤፍ2 ፋይል ከራስበሪ ፓይ ስለሚገኝ፣ እርሱን ጥሎ እንደ አዲስ መጀመር ይቻላል፤ በቦርዱ ላይ የነበሩ ፋይሎች ግን አብረው ይጠፋሉ። ሰርክትፓይተን የተባለውን ሌላ የፓይተን ዓይነት የሚጠቀም ሰው ደግሞ ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ ሌላ ዲስክ ያያል፤ በዚያ ላይ ያለውን የኮድ ፋይል በተራ የጽሑፍ ኤዲተር ከፍቶ ሲያስቀምጠው ለውጡ ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል።

ከቦርዱ ውጭ ያሉት እንቅፋቶች ለሁሉም ቦርድ የጋራ ናቸው፤ ሁለቱ ግን በፒኮ ላይ ለየት ያለ ባሕርይ ስላላቸው መጠቀስ አለባቸው። የመጀመሪያው ገመዱ ነው። ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ገመዶች ሁለቱ የኃይል ሽቦዎች ብቻ አሏቸው፤ የዳታ ሽቦዎቹ የሉም። ሌሎች ብዙ ቦርዶች ኃይል መግባቱን የሚያሳይ መብራት ስላላቸው ቢያንስ ግማሽ መንገድ መደረሱ ይታወቃል፤ ፒኮ ግን እንዲህ ያለ መብራት የለውም። በላዩ ያለው መብራት የሚበራው ፕሮግራም ሲያዘው ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ ፒኮ ዳታ በማያስተላልፍ ገመድ ሲሰካ ፈጽሞ የሞተ ይመስላል። ስለዚህ ቦርዱን ከመጠራጠር በፊት፣ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ፎቶ ማስተላለፉ በተረጋገጠ ገመድ መሞከር ይበጃል።

ሁለተኛው በሊኑክስ ላይ የሚገጥመው የፈቃድ ጉዳይ ነው። በኡቡንቱና በዴቢያን ላይ ተጠቃሚው ዳያልአውት በሚባለው ቡድን ውስጥ ካልተመዘገበ ሲሪያል ፖርቱን መክፈት አይፈቀድለትም። በፒኮ ላይ ይህ በተለይ የሚያሳስተው፣ በዲስኩ በኩል ፋይል መገልበጡ ያለ ምንም ችግር ስለሚሳካ ነው፤ መጫኑ ተሳክቶ ማንበቡ ሲከለከል ሰው ስህተቱን በኮዱ ውስጥ መፈለግ ይጀምራል። ራሱን ወደ ቡድኑ ጨምሮ፣ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ እንደገና መግባት ይበቃል። በዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በኋላ በመጡት እትሞች ላይ ድራይቨሩ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ስለሚመጣ የሚጫን ነገር የለም። ሆኖም አንድ ሶፍትዌር የያዘውን ፖርት ሌላው ብዙ ጊዜ ሊከፍተው እንደማይችል መታወስ አለበት፤ ቶኒ ክፍት ሆኖ ሳለ የአርዱዊኖው ማንበቢያ አልከፍትም ቢል ጥፋቱ የቦርዱ አይደለም።

ሥራው ከበድ ላለበት ሰው ፒኮ ሌላ በር አለው፤ ለእኔ ቦርዱን ከመማሪያ ዕቃነት ከፍ የሚያደርገው ይህ ነው። በቦርዱ ጫፍ ላይ ያሉት ሦስት ፒኖች ለስህተት ፍለጋ የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ በእነርሱ በኩል ፕሮግራምን በመስመር በመስመር እያስኬዱ መከተል፣ ማቆምና አዲስ መጫንም ይቻላል። ይህ መንገድ ከዩኤስቢው የተለየ ስለሆነ ፕሮግራሙ ቢሞትም አይዘጋም። ለዚህ የሚያገለግለው የራስበሪ ፓይ ዲበግ ፕሮብ የሲሪያል መስመርም ስላለው፣ የፒኮን ፒን 1 እና ፒን 2 ከእርሱ ጋር ያገናኘ ሰው ኡኖ ላይ የነበረውን የማይጠፋ ፖርት መልሶ ያገኛል። መሣሪያው በእጁ የሌለ ሰውም ሁለተኛ ፒኮ ካለው፣ ተገቢውን ዩኤፍ2 ፋይል ጭኖበት ያንኑ ሥራ ሊያሠራው ይችላል። ለቀናት ያለማቋረጥ መረጃ ለሚመዘግብ ሥራ የዩኤስቢ ሲሪያሉን ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አይገባም፤ ይህን ሁለተኛ መስመር ከመጀመሪያው መዘርጋት ይሻላል።

አንድ የኤሌክትሪክ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የአርፒ2040 ፒኖች የሚሠሩት በ3.3 ቮልት ነው፤ የ5 ቮልት ምልክት አይችሉም። በኡኖ ዙሪያ የተለመዱ ብዙ የሲሪያል መቀየሪያዎች 5 ቮልት ስለሚያወጡ፣ ከፒኖቹ ጋር ከመገናኘታቸው በፊት ወደ 3.3 መቀየር መቻላቸው መረጋገጥ አለበት። በተጨማሪም ቦርዱ በውጭ ኃይል እየሠራ ዩኤስቢም የሚሰካበት ከሆነ፣ የውጩ ኃይል በዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዕቃ) በኩል ወደ ቪሲስ ፒን እንዲገባ ማድረግ ሁለቱ ምንጮች አንዱ ወደ ሌላው እንዳይገፉ ይከላከላል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፒኮ 2 አርፒ2350 የተባለውን አዲስ ቺፕና 4 ሜጋባይት ፍላሽ ሜሞሪ ይዞ ቢመጣም፣ በግንኙነት በኩል ያው ነው፦ ያው ማይክሮ ዩኤስቢ፣ ያው ቡትሴል፣ የሪሴት ቁልፍም አሁንም የለውም። የዲስኩ ስም አርፒ2350 ሆኖ ስለሚታይ ለየትኛው ቦርድ ፋይል እንደሚፈለግ ወዲያው ይለያል፤ ለመጀመሪያው ፒኮ የተዘጋጀ ዩኤፍ2 እዚህ አይሠራም። የትኛውንም ቢመርጥ፣ ብየዳ ያልለመደ ገዢ በስሙ መጨረሻ ላይ ኤች የሚል ፊደል ያለበትን ዓይነት ይጠይቅ፤ የጎን ፒኖቹ ተበይደው የሚመጡ ከመሆናቸው በላይ ሦስቱ የስህተት ፍለጋ መስመሮች በትንሽ ሶኬት ስለሚቀርቡ፣ የዲበግ ፕሮቡ ገመድ ያለ ብየዳ በቀጥታ ይሰካበታል።